የታመመ ሠራተኛ ቀን በማን ሒሳብ ይጻፋል?
ከአሊዩ አምባ የንዳድ ዘመን እስከ 2012 ዓ.ም. የኮሮና አዋጅ

ከአንኮበር ተራራ ግርጌ፣ ደጋው ተሰብሮ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት መንገድ ላይ የተቆረቆረችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የሸዋ መንግሥት የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውንና ጨርቁን ጭኖ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ በዓርብ ገበያዋ ይገበያይ ነበር፤ ከደጋ የወረደው ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከዚያም ጋር በዘመኑ ሥርዓት እንደ ዕቃ ይቆጠር የነበረው ባሪያ፣ በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳል። ግመል የአንኮበርን ዳገት ስለማይወጣ ከቆላ የመጣው ጭነት በዚህ አካባቢ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ ይዛወር ነበር። እንግዲህ ከተማይቱ የሸቀጥ መለዋወጫ ብቻ ሳትሆን የሰው ጉልበት የሚከራይባት፣ አንዳንዴም ያለ ኪራይ በትእዛዝ የሚወሰድባት ስፍራ ነበረች ማለት ነው።

ቆላው በበኩሉ የንዳድ አገር ነው። ዛሬ ወባ የሚባለውን በሽታ የቀድሞው ሰው ንዳድ እያለ ሲጠራው፣ የትንኝዋን ሥራ ባያውቅም የበሽታውን ጊዜና ቦታ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ክረምት ሲወጣ በቆላ ማደር ለደጋ ሰው ሞትን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የብሪታንያው መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣ ጓዙን ወደ ደጋ ያወጡት በንጉሡ ትእዛዝ የተሰበሰቡ በመቶ የሚቆጠሩ የይፋት ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ተሸካሚዎች አንዱ በመንገድ ላይ ንዳድ ቢይዘው ቀኑን ማን ይከፍለው ነበር ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ነገሩ ግዴታ እንጂ ቅጥር አልነበረምና። በተከታዩ ዓመት የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ግን በንዳድ ተይዞ በአሊዩ አምባ ሰንብቷል፤ የንጉሥ እንግዳ በመሆኑም ድርጎ ይሰፈርለት ነበር። ድርጎ ከክብር እንጂ ከሥራ ጋር የተያያዘ አልነበረም። እንግዳው ቢነሣም ቢተኛም ቀለቡ ይመጣል። ስለዚህ በይፋት ምድር ተኝቶ ሳለ እንጀራው ያልተቋረጠበት ሰው ቢፈለግ ሸክም የተሸከመው ሳይሆን እንግዳው ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። ሰው በወረርሽኝ ታሞ፣ ወይም ሌላውን እንዳያስይዝ ተገልሎ፣ ወይም የታመመ ልጁን ለማስታመም ከሥራ ሲቀር የዚያ ቀን ዋጋ በማን ሒሳብ ይጻፋል? በራሱ፣ በጎረቤቱ፣ በአሠሪው ወይስ በመንግሥት? የግንባታ ሥራ የሚመሩ መሐንዲሶች ይህ ጥያቄ የሕግ አዋቂዎች ነው ብለው ቢያልፉት አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም ከፍ ብሎ እንደሚታየው መልሱ በከፊል የተጻፈው እነርሱ ራሳቸው በሚፈርሙት ውል ውስጥ ነው።

ሕዝቡ ከሕግ በፊት የራሱ መላ ነበረው። የታመመ ገበሬ ማሳ ጦም እንዳያድር ጎረቤት ጥማዱን ይዞ ይወጣል፤ ደቦና ወንፈል የሥራ ማቀላጠፊያ ብቻ ሳይሆኑ የሕመም ቀን መድን ጭምር ነበሩ። በይፋትና በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ኅብረትም ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ያቆማል። ይህ ሥርዓት ለምን ዘመናትን እንደ ተሻገረ ለመረዳት የመሐንዲስ ዓይን ይበቃል፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ምሰሶ ሲደክም ጭነቱን አጠገቡ ያሉት ይቀበሉታል። ነገር ግን ምሰሶዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢደክሙ ጭነቱን የሚቀበል አይኖርም። ወረርሽኝ ከተራ ሕመም የሚለየው በዚህ ነው። ንዳዱ ቤት ለቤት በገባበት ጥቅምት ለወንፈል የሚወጣ ጤነኛ ጎረቤት አይገኝም፤ ቀባሪው ራሱ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ ድርቅና የከብት እልቂት ሸዋን በመታ ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጎተራቸውን ለችግረኛ መክፈታቸው ተጽፏል፤ በ1834 ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ኮሌራ ተከተለ። የጎረቤት አቅም ሲያልቅ ከጎረቤት በላይ ያለ ኀይል መግባት እንዳለበት የሸዋ ነገሥታት ያውቁ ነበር፤ ያደረጉት ግን ቸርነት ስለ ነበር እንደ ንጉሡ ልብ ይሰፋል ወይም ይጠብባል።

አሊዩ አምባን ከክብሯ ያወረዳት በሽታ አይደለም፤ መንገድ ነው። የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ የምድር ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ነጋዴው ሐዲዱን ተከተለ። በሽታውም ሐዲዱን ተከተለ። በ1911 ዓ.ም. የገባውና ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው የዓለም አቀፍ ኢንፍሉዌንዛ ከጅቡቲ በባቡሩ መስመር እንደ መጣ ይታመናል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው እስከ 10,000 ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ጠንቶባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ ከተማው በጢስ የሚታጠነው፣ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው።

ያ ወረርሽኝ የደረሰው የከተማ ኑሮ ገና በሚደራጅበት ሰዓት ነበር። በጌታው ቤት ያደረ ሎሌ ቀለቡ ከጌታው ጓዳ ነው፤ ባለ መሬቱ ወታደርም መደሪያ አለው። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው አዲሱ የከተማ ሰው፣ ማለትም ግንበኛው፣ ጠራቢው፣ ውሃ ቀጂው፣ እንጨት ፈላጩ፣ ዕለቱን ሠርቶ ዕለቱን የሚበላ ነበር። ደመወዝ የሚለውን ቃል ሰዎች «ደም»ና «ወዝ» ብለው ይፈቱታል፤ ፍቺው ትክክል ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ይወቁት እንጂ ለቀን ሠራተኛ ነገሩ በቀጥታ እንዲያ ነው፤ ወዙ ያልፈሰሰበት ቀን ክፍያ የለውም። በኋላ በከተማው እየተስፋፋ የሄደው እድር የገጠሩ መረዳዳት በከተማ ልብስ የመጣ ነው። ሆኖም የእድር መዋጮ በመሠረቱ የታሰበው ለሞት ነው። የታመመ አባል በእድር ስም ቢጠየቅ እንኳ ደመወዙ አይተካለትም።

ከይፋት በኩል ሁለተኛው የመንገድ ለውጥ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የተዘረጋው መኪና መንገድ በጣርማ በር ዋሻ ገደሉን ሰንጥቆ በደብረ ሲና ወደ ቆላ ሲወርድ አሊዩ አምባን ወደ ጎን ትቷታል። የመንገዱ በረከት ለሸዋ ሮቢት ደረሰ። በመስኖ የሚለማው የሽንኩርትና የትምባሆ እርሻ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ማሾው፣ በየመከር ወቅቱ ከደጋው ሰው ይስባል። ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው የባቡር መስመር የይፋትን ቆላ ሲያቋርጥም ብዙ የቀን ሠራተኛ ያስፈለገው በዚህ በንዳድ አገር ነው። የጥንቱ ሥጋት ከጥንቱ መንገድ ጋር አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በነበሩት ወራት በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3,000,000 ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል፤ በማግሥቱም እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በየቤቱ ዲዲቲ መርጨት ተያዘ። መንግሥት የወሰደው ርምጃ ትንኝዋን ተመለከተ፤ ትንኝዋ ያስተኛችውን ሰው የቀን ገቢ የተመለከተ ግን አልነበረም።

የሥራ ሕጉ በሌላ በር መጣ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ የፋብሪካ አዋጅ ቁጥር 58 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ራሱን አስችሎ ደነገገ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከዚያም የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 64፣ የ1985ቱ ቁጥር 42፣ የ1996ቱ ቁጥር 377 እና የ2011ዱ ቁጥር 1156 ተከታተሉ። በእነዚህ አዋጆች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን የመጨረሻው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ባልሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሹን ያገኛል፤ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በጤናማ ዘመን ሲታይ ይህ ድንጋጌ ክፉ አይደለም፤ ብዙ አገሮች ከዚህ ያነሰ ይሰጣሉ። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ለመሠረት ቁፋሮና ለአርማታ ሙሌት የተቀጠረ ሠራተኛ ሥራው ራሱ ከዚያ በፊት ያልቃል። ፈቃዱን ለማግኘት የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የወረርሽኝ ዋና ትእዛዝ ግን ቀላል ሕመም የያዘው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጤና ጣቢያውን ሳያጨናንቅ ይቆይ የሚል ነው። ከሁሉም በላይ ሕጉ የሚያውቀው የታመመን ሰው ነው። ከታማሚ ጋር በመገናኘቱ 14 ቀን ተገልሎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው በሕጉ ዓይን ታማሚ አይደለም፤ ከሥራ የቀረ ሰው ነው።

ስለ ቤተሰብ ፈቃድ ያለው ደግሞ ሊነበብ ሲገባ ሳይነበብ የሚታለፍ ነው። የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል። ለሌላ ልዩና ከባድ ሁኔታ የሚፈቀደው እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያውም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ ክፍያ የሌለው ፈቃድ ነው። በቀላል አነጋገር፣ እናት ልጇን ለመቅበር የሚከፈልበት ፈቃድ አላት፤ ልጇን አስታማ ለማዳን ግን የላትም። ሕግ አውጪው በክፋት ይህን አላደረገም፤ እድሩ የተሠራበት አስተሳሰብ በሕጉም ውስጥ ስላለ ነው። ሞትን በኅብረት መሸከም የለመደ ማኅበረሰብ ማስታመምን የቤት ጉዳይ፣ ይልቁንም የሴቶች ጉዳይ፣ አድርጎ ትቶታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ስለ ሥራ በሽታ የተጻፈው ነው። በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳትና በሽታ የአሠሪው ኀላፊነት ከፍ ያለ ነው፤ ክፍያው ለ3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከመቶ 75፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግማሽ ነው። ነገር ግን አዋጁ የሥራ በሽታን ሲተረጉም ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚዘወተሩትን ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚነሡትን በሽታዎች በግልጽ ለይቶ ያወጣል። ከዚህ የሚተርፈው ሥራው ራሱ እነዚያን በሽታዎች መዋጋት ብቻ የሆነ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ የቀን ሠራተኛ ወባ ቢይዘው፣ በሽታው ከሥራው ቦታ የመጣ ለመሆኑ ጥርጥር ሳይኖር፣ በሕጉ የሥራ በሽታ አይባልም። ወደ ቆላ ባይወርድ አይታመምም ነበር፤ ወደ ቆላ ያወረደውም ሥራው ነው። ይህ አመክንዮ ለተራ ሰው ግልጽ ቢሆንም በአንቀጹ ውስጥ ቦታ አላገኘም። የድንጋጌው ምክንያት ግን ይገባል፤ አገር ሁሉ የሚታመመውን በሽታ አንድ አሠሪ እንዲሸከም ማድረግ አሠሪውን መስበር ይሆናል። ያልተመለሰው አሠሪው ካልተሸከመው ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው ጭነቱን በማከፋፈል ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው የሕመም መድን ሕግ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እያዋጡ፣ የታመመ ሠራተኛ ለ13 ሳምንት ግማሽ ደመወዝ ያህል እንዲያገኝ አደረገ። አሜሪካ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታም አገር አቀፍ የሕመም ክፍያ አልነበራትም። ኮሮና ሲመጣ ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2020 የተፈረመ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ከ500 በታች ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ለታመመ ወይም ለተገለለ ሠራተኛ እስከ 80 ሰዓት ሙሉ ደመወዝ፣ ቤተሰብ ለማስታመም ለቀረ ሁለት ሦስተኛ እንዲከፍሉ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ልጁን ለሚጠብቅ ወላጅም ተጨማሪ 10 ሳምንት በሁለት ሦስተኛ ደመወዝ እንዲፈቅዱ አዘዘ። የሕጉ ብልሃት ያለው በክፍያው መንገድ ላይ ነው፤ አሠሪው የከፈለውን ከሚያስገባው ግብር ላይ እየቀነሰ ከመንግሥት ይመልሳል። ግዴታው እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ጸንቶ አበቃ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከመጋቢት 16 ጀምሮ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ታዘዘ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንና የአሠሪዎች ፌዴሬሽን በሥራ ቦታ ስለሚደረግ ጥንቃቄ በአንድ ሰነድ ተስማሙ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም ሚኒስቴሩ ከሚያወጣው ሥርዓት ውጭ ማንኛውም አሠሪ ሠራተኛ እንዳይቀንስ፣ የሥራ ውል እንዳያቋርጥ ከለከለ፤ ቤት አከራይም ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር አገደ። ከዚህ ቀደም በነበሩት ወረርሽኞች ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም፤ በኅዳር በሽታ ዘመን የነበረ የቀን ሙያተኛ ቢሰማው አያምንም። ነገር ግን ደንቡ ያቆየው ውሉን ነው፤ ደመወዙን አይደለም። የሥራ ሕጉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ሲቆም ውሉ ሳይፈርስ እንዲታገድ ይፈቅዳል፤ በእገዳ ላይ ያለ ውል ደመወዝ አይከፍልም። የቀን ሠራተኛው ውል ደግሞ በየማታው የሚያልቅ ነውና የሚቋረጥም የሚታገድም ነገር የለውም። በማግሥቱ ጠዋት ካፖው ስሙን ሳይጠራው ይቀራል፤ ይኸው ነው።

ወደ አሜሪካው መንገድ የቀረበ አንድ ርምጃም ተወስዷል። ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውሳኔ በወረርሽኙ ምክንያት መሥራት ሳይችሉ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈላቸውን ለቀጠሉ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር ተተወላቸው። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ መጠኑን ግን በቁጥር ማየት ይገባል። በጊዜው በነበረው የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 600 ብር ነፃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ያለው ከመቶ 10 ነበር። በወር 1,500 ብር የሚያገኝ የፋብሪካ ሠራተኛ ግብሩ 90 ብር ነው፤ በ4 ወር አሠሪው 6,000 ብር ሲከፍል የሚተውለት 360 ብር ብቻ ይሆናል። ለከፍተኛ ደመወዝተኛ የሚተወው ገንዘብ ከዚህ በብዙ እጅ ይበልጣል። እርዳታው ደመወዙ ባነሰ መጠን እያነሰ የሚሄድ፣ በደመወዝ መዝገብ ስሙ ያልሰፈረውን ደግሞ ፈጽሞ የማይነካ ሆነ። ከአምስት ወር በኋላ የአስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ የውል ማቋረጥ ክልከላው አብሮ አበቃ።

የግንባታ ሥራ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፈጽሞ አልቆመም፤ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ የውሃ ሙሌት የተከናወነው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም በየሥራው ቦታ የታመመውን ሠራተኛ ማን ከፈለው የሚለውን ለመመለስ ወደ ውሉ መሄድ ያስፈልጋል። በአገራችን በትልልቅ ሥራዎች የሚሠራበት የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) እትሙ፣ በወረርሽኝ ምክንያት ሊገመት የማይችል የሠራተኛ ወይም የዕቃ እጥረት ሲደርስ ለተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ይፈቅዳል። ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይፈቅድም። ይኸው ውል ተቋራጩ ወረርሽኝን ለመከላከል ተገቢውን ዝግጅት እንዲያደርግ፣ በሥራው ቦታ የመጀመሪያ እርዳታና የሕሙማን ክፍል እንዲኖር ያስገድዳል። እንግዲህ ሦስቱ ወገኖች ሲታዩ፣ የሥራው ባለቤት ከመዘግየቱ በቀር የሚከፍለው የለም፤ ተቋራጩ ከመዘግየት ቅጣት ይድናል፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የማራዘሚያ ቀኖችን ቆጥሮ ይፈርማል። እነዚያ የተቆጠሩት ቀኖች ግን ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ፌሮ ሠራተኛ ወይም የአንድ ግንበኛ የተኛበት ቀን ናቸው። በማራዘሚያው ደብዳቤ ላይ ለተቋራጩ የተመለሱለት ቀኖች ለሠራተኛው አልተመለሱለትም።

ይህን በውል ማስተካከል አይቻልም የሚል ካለ የኤች አይ ቪን ነገር ያስታውስ። የልማት ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በተጠቀሙበት የተስማማ የፊዲክ እትም ተቋራጩ ለሠራተኞቹ የኤች አይ ቪ ትምህርትና መከላከያ ፕሮግራም እንዲያካሂድ ታዘዘ፤ ወጪውም ለዚሁ በተመደበ ፕሮቪዥናል ሰም ከሥራው ባለቤት ይከፈላል። በመንገድ ሥራ የቆዩ መሐንዲሶች ያንን ረድፍ በዋጋ ሠንጠረዥ ውስጥ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ሲጀመር መንገድ ሥራ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው ብለው ሳቁበት። ሳቁ ቆመ፤ ረድፉ ግን ቀረ፣ ተለካ፣ ተከፈለም። አንድ በሽታ በዋጋ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ለምሳሌ ያህል 200 የቀን ሠራተኛ በሚያሠራ የሥራ ቦታ በወረርሽኝ ጊዜ ለእያንዳንዱ 5 የሚከፈልባቸው የሕመም፣ የመገለል ወይም የማስታመም ቀናት ቢታሰቡ 1,000 የሰው ቀን ይሆናል። የቀን ሒሳቡ በዚያው ውል የዴይወርክ ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ማባዛቱ ለማንም አይከብድም። ገንዘቡ በፕሮቪዥናል ሰም ረድፍ ይቀመጣል፤ የጤና ሚኒስቴር ወረርሽኝ መኖሩን ሲያሳውቅ ይከፈታል፤ ሰዓት ተቆጣጣሪው በያዘው የስም መዝገብ እየተረጋገጠ፣ የሐኪም ወረቀት ሳይጠየቅ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሠራተኛው በእጁ ይከፈላል። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በሚሠራ ሥራ ላይ የወባ ወራትን በዚሁ ረድፍ ማካተት ይቻላል፤ መስከረምና ጥቅምት መቼ እንደሚመጡ ዕቅድ የሚያወጣ መሐንዲስ አስቀድሞ ያውቃልና። ወረርሽኙ ካልመጣ ገንዘቡ ሳይነካ ለሥራው ባለቤት ይመለሳል።